አድራሻዬ «አሌክሳንድሪያ» ይላል፤ ታዲያ ለምን «ነዋሪ አይደለሽም» ተባልኩ?

ቡናዬ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ገጥሞኝ ግራ ስለገባኝ እዚሁ ልጻፈው። የሚያውቅ ይርዳኝ፣ የማያውቅም አብሮኝ ይወቅ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ሊንኮልንያ አካባቢ ነው። ዚፕ ኮዴ 22312 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የሚመጣልኝ «አሌክሳንድሪያ» እየተባለ ነው፤ መንጃ ፈቃዴም እንደዚያው ይላል። የት ነው የምትኖሪው ስባልም አሌክሳንድሪያ ነው የምለው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱን ልጆቼን ዋና ላስመዘግብ ኪንግ ስትሪት ላይ ወዳለው የከተማው መዋኛ ሄድኩ። ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ አድራሻዬን አስገብታ ትንሽ ዝም አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከስሜ አጠገብ «ነዋሪ ያልሆነ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ዋጋውም ከነዋሪው ከፍ ያለ ነው። የመብራት ቢሌን ከቦርሳዬ አውጥቼ «ይኸው፣ አሌክሳንድሪያ ይላል እኮ» አልኳት። እሷም በትሕትና «የፖስታ አድራሻሽ ነው እንጂ ቤትሽ ከተማው ውስጥ አይደለም» አለችኝ። ልጆቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እኔን ያዩኛል። ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ጠፋኝ።

ሁለተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስ አንድ ፕላዛ ውስጥ ትንሽ ቦታ ተከራይቼ የጀበና ቡና ልከፍት ነው። ሊዙ ላይ ያለው አድራሻ «ፎልስ ቸርች» ነው። የታፔላ ፈቃድ ለመጠየቅ ፎልስ ቸርች ከተማ ደወልኩ። ሰውዬው አድራሻውን ሰምቶ «ይሄ የኛ አይደለም» አለኝ። እስከዚያ ግን ለታፔላ ሠሪው 800 ዶላር ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ ፊደሎቹንም ቆርጦ ጨርሷል። አከራዩ ደግሞ «ስዕሉን ሳላይ ምንም ነገር ግድግዳዬ ላይ እንዳይሰቀል» ብሎ በኢሜይል ጽፎልኛል።

እና የማን ነኝ? ለማንስ ነው የማመለክተው?

ሠላሳ ዓመት በታክሲ፦

ልጄ፣ አይዞሽ። ይሄ ያልገጠመው ሰው የለም። እኔ ታክሲ ስነዳ «አሌክሳንድሪያ ውሰደኝ» ብሎ የተሳፈረ መንገደኛ አንዳንዱን ኦልድ ታውን አወርደዋለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ እስከ ማውንት ቨርነን ድረስ እወስደዋለሁ። ሁለቱም በፖስታ «አሌክሳንድሪያ» ናቸው። በአስተዳደር ግን አንዱ ከተማው ነው፣ ሌላው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት ከስቴቱ በታች ያለ ሰፊ የአስተዳደር ክልል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዚፕ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ደብዳቤ ለማከፋፈል ነው። ፖስታ ቤቱ ለመንገዱ የሚቀናውን አይቶ ነው የሚከፋፍለው፤ የከተማ ወሰን ግድ አይሰጠውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከተማና ካውንቲ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። በሌላው ስቴት አብዛኛውን ጊዜ ከተማው ካውንቲው ውስጥ ይሆናል፤ እዚህ ግን ራሳቸውን የቻሉ 38 ከተሞች አሉ፣ አንዳቸውም የካውንቲ አካል አይደሉም። አሌክሳንድሪያ ከነሱ አንዷ ናት፤ ስፋቷ 15 ስኩዌር ማይል ገደማ ነው። ፎልስ ቸርች ከተማ ደግሞ ሁለት ስኩዌር ማይል ቢሆን ነው፤ በ2020 ቆጠራ 15 ሺህ ሰው እንኳ አልሞላም። ስሙ ግን በፖስታ ቤይሊስንና ሰቨን ኮርነርስን ሁሉ አልፎ ይሄዳል። የሱቅሽ ቦታ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ቤትሽም አብዛኛው 22312 እንደሆነው ፌርፋክስ ነው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ያታለለሽ አንድ ነገር ነው፣ ፖስታው።

እዚህ ሰፈር ወሰኑን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ሩት 7ን ያዢ። ከኦልድ ታውን ስትነሺ ስሙ ኪንግ ስትሪት ነው። ሳትታጠፊ ወደ ምዕራብ ንጂ፤ ከተማው ሲያልቅ ሌስበርግ ፓይክ ይባላል። ፎልስ ቸርች ከተማ ስትገቢ ብሮድ ስትሪት ይሆናል፣ ስትወጪ መልሶ ሌስበርግ ፓይክ። አስፋልቱ ያው ነው። ስሙ በተቀየረ ቁጥር አስተዳዳሪው ተቀይሯል ማለት ነው።

ታሪኩም ድሮ የተወሳሰበ ነው። አሌክሳንድሪያ እስከ 1847 ድረስ የዋሽንግተን ዲሲ አካል ነበረች። አርሊንግተን ራሱ እስከ 1920 ድረስ ስሙ አሌክሳንድሪያ ካውንቲ ነበር። ስሙ በየአቅጣጫው ተበትኖ የቀረው በከንቱ አይደለም።

ለወደፊቱ አንድ መለያ ልስጥሽ። የመኪና ታክስሽን ለማን ነው የምትከፍይው? ደረሰኙን አውጥተሽ እይው። ለፌርፋክስ ካውንቲ ከሆነ የፌርፋክስ ነዋሪ ነሽ፤ መብትሽም እዚያ ነው።

ቡናዬ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደረሰኙን አወጣሁት። ፌርፋክስ ካውንቲ ይላል። ስድስት ዓመት ስከፍለው አንድም ቀን ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

ታፔላ ሠሪ፦

እህቴ፣ እኔ ሥራዬ ይሄ ስለሆነ ስለ ታፔላው ልጻፍልሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ የሐበሻ ሱቅ ብዙ ሰቅያለሁ።

በመጀመሪያ፣ ፈቃድ ሳይወጣ ፊደል መቁረጥ የሙያው ሥርዓት አይደለም። ቀብድ ይወሰዳል፣ ግን ለልኬትና ለስዕል ነው። ውልሽ ላይ «ፈቃድ ካልተገኘ» የሚል አንቀጽ ካለ አንብቢው። ከሌለ በጨዋ ደንብ አነጋግሪው፤ ፊደሎቹ መጠናቸው ከተስማማ ሊያገለግሉ ይችላሉና ገና ተስፋ አትቁረጪ።

አሁን ሊዝሽን አውጪ። ከኋላው ስለ ታፔላ የሚያወራ አባሪ ሊኖረው ይችላል፣ ብዙ ፕላዛዎች አላቸው። ፊደሉ ለየብቻ የሚቆም ይሁን ወይስ ሳጥን፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ ቁመቱ ስንት ኢንች ይሁን፣ መብራቱ ከፊት ይብራ ወይስ ከኋላ፣ አከራዩ ቀድሞ የወሰነው ነው። አከራይሽ የጻፈልሽ ኢሜይል ክፋት አይደለም። ካውንቲውም ቢሆን የባለንብረቱን ስምምነት ሳያይ ማመልከቻሽን አያራምድልሽም። መጀመሪያ የእሱን ፊርማ፣ ቀጥሎ የካውንቲውን ፈቃድ።

የፌርፋክስ ማመልከቻ በኦንላይን ነው፣ «ፕላስ» በሚባለው ሥርዓት። የምታስገቢው ስዕል ላይ ሦስት ነገር በግልጽ መታየት አለበት፦ የሱቅሽ ግንባር ስፋት፣ የታፔላው ርዝመትና ቁመት፣ የት ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ። የታፔላው መጠን የሚሰላው ከግንባርሽ ስፋት ነው፤ ሰፊ ግንባር ሰፊ ታፔላ ያስፈቅዳል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከጎረቤት ሱቅ ጋር የምትጋሩትን ምሰሶ ሙሉውን ደርበሽ እንዳትለኪ። ከመስታወት ጠርዝ ሳይሆን ከአንዱ የጋራ ግድግዳ መሐል እስከ ሌላው የጋራ ግድግዳ መሐል ምን ያህል እንደሆነ አከራዩን ፕላን ጠይቂው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው የሚያዋጣው።

መብራት ያለው ከሆነ የኤሌክትሪክ ፈቃድ ለብቻው አለ፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው የሚያወጣው። ኢንስፔክተር መጥቶ ያያል። ታፔላው ላይ የፍተሻ ላብራቶሪ ምልክት፣ ብዙ ጊዜ «ዩኤል» የሚባለው፣ መለጠፍ አለበት። ጋራዥ ውስጥ የተገጣጠመ ርካሽ ታፔላ የሚወድቀው እዚች ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከታፔላው ውጪ፤ ቦታው ቀድሞ ምን ነበር? ልብስ ቤት ከነበረና አንቺ ቡና የምታፈዪበት ከሆነ የመጠቀሚያ ፈቃዱም የጤና ቢሮውም ጉዳይ አለ። ቡና ቤቱ ውስጥ እንደምትቆዪ ሳይሆን ቡና እንደምትቆዪ፣ ማለቴ ጥሬውን ምጣድ ላይ አድርገሽ እንደምትቆዪው በማመልከቻው ላይ በግልጽ አስጽፊ። ጭሱ የሚወጣበት ነገር ይጠየቃል። በኋላ ከሚመጣ አሁን ይምጣ።

ዝም ብለሽ ስቀይ፦

ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? እኔ ያለ ፈቃድ ሰቅዬ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ የጠየቀኝ የለም። ግማሹ ፕላዛ እንደዚያ ነው።

ታፔላ ሠሪ፦

ወንድሜ፣ አልጠየቁህም ማለት አይጠይቁህም ማለት አይደለም። አብዛኛው ክትትል የሚጀምረው አቤቱታ ሲቀርብ ነው። አዲስ ተፎካካሪ ጎንህ ይከፍትና አንድ ስልክ ይደውላል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ሱቁን ሊሸጥ ሲል የገዢው ጠበቃ የታፔላውን ፈቃድ ጠየቀው። አልነበረውም፤ ሽያጩ ሁለት ወር ዘገየበት፣ ታፔላውንም አውርዶ እንደገና አሠራው። እሷ ዛሬ የምትከፍለውን አንተ ያኔ ዕጥፍ አድርገህ ልትከፍለው ትችላለህ። ለአዲስ ሰው እንዲህ አትምከር።

ቡናዬ፦

አከራዩ ዛሬ አባሪውን ላከልኝ። ፊደሎቹ ለየብቻ የቆሙ መሆን አለባቸው ይላል፣ የእኔም እንደዚያው ናቸው። ቁመታቸው ግን በሁለት ኢንች ይበልጣል። ሠሪው እንደገና ይቆርጥልኛል ብሎኛል፣ ለዕቃው ግማሽ እንድጨምር ተስማማን።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ስሙን በፊደላችን ብቻ ልጽፈው እችላለሁ? በእንግሊዝኛ የግድ ነው የሚል ሰው አለ። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን በር ላይ ቡና ስትሸጥ ስሟን በኖራ ነበር የምትጽፈው፣ በራሷ እጅ። ያንኑ ቅርጽ ነው ያስቆረጥኩት።

የሕግ ተማሪ፦

እኅት ቡናዬ፣ ይሄን በደንብ ስለማውቀው በደስታ ልመልስልሽ። ጠበቃ ገና አይደለሁም፣ ስለዚህ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ መረጃ ውሰጅው።

መንግሥት ስለ ታፔላ መጠን፣ ከፍታ፣ መብራትና ቦታ መደንገግ ይችላል። ታፔላው ምን ይላል በሚለው ላይ ግን እጁ በጣም ታስሯል። ትልቁ ውሳኔ የወጣው በጁን 2015 ነው፣ «ሪድ ከጊልበርት ከተማ ጋር» በሚባለው ክስ። ሪድ አሪዞና ውስጥ የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ሕንፃ ስላልነበራት እሑድ እሑድ የት እንደሚሰበሰቡ መንገድ ላይ ትንንሽ ምልክት ያቆሙ ነበር። የከተማው ደንብ ለእንዲህ ዓይነቱ ምልክት ከፕሮግራሙ በፊት 12 ሰዓት፣ ከፕሮግራሙ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። የምርጫ ምልክት ግን ትልቅ ሆኖ ለወራት ይቆማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞቹ ሁሉ በውጤቱ ተስማምተው ለፓስተሩ ፈረደ። ከዚያ በኋላ በየከተማውና በየካውንቲው የታፔላ ደንብ እንደገና ተጻፈ፤ ፌርፋክስም የራሱን በ2019 አሻሽሏል።

ስለ ፊደል በቀጥታ የተወሰነም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና የምትባል ከተማ በውጭ ፊደል የተጻፈ የንግድ ታፔላ ቢያንስ ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን ብላ ደነገገች። የእስያ ተወላጅ ነጋዴዎች ማኅበር ከሰሰ፤ በ1989 የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ቋንቋ የማንነት መግለጫ ነው፣ የንግግር ነፃነት ይጠብቀዋል በሚል ነው። ያ ውሳኔ የካሊፎርኒያ ወረዳ ፍርድ ቤት ስለሆነ ቨርጂኒያን አያስገድድም፤ ግን ያን መንገድ መከተል የሚፈልግ ከተማ ብዙ እንዳይደፍር አድርጓል።

ሁለት ማሳሰቢያ። አከራይሽ መንግሥት አይደለም። በሊዙ ላይ «እንግሊዝኛ ይኑርበት» ብሎ ከፈረምሽለት ያ የውል ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የበሩ ቁጥር ነው። የእሳት አደጋ ደንቡ ለአድራሻ ቁጥር የሚቀበለው እነሱ አረብኛ አኃዝ የሚሉትን፣ 1፣ 2፣ 3 ያለውን ነው፤ ከፍታውም ቢያንስ አራት ኢንች። የግእዝ ቁጥር እዚያ ላይ አይሆንም። አምቡላንስ ሌሊት ሲመጣ አንድም ሰው መጠየቅ የለበትም።

ቡናዬ፦

አንብቤ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም። በፊደል ብቻ ይሆናል። ቁጥሩን በነሱ አኃዝ።

ዩ ስትሪት ላይ፦

ስለ ምልክት ከተነሳ የኮንሰርትና የመጽሐፍ ምረቃ ፖስተር የምትለጥፉ ወንድሞችና እህቶች ይሄን አንብቡ። ዲሲና ቨርጂኒያ እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ዲሲ ውስጥ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ መለጠፍ ይፈቀዳል። ነገር ግን ደንብ አለው። በአንድ ብሎክ በአንዱ የመንገድ ወገን ከሦስት ቅጂ አይበልጥም። በመንገድ ዳር ዛፍ ላይ ፈጽሞ አይቻልም። ሙጫው ሳይነሳ የሚቀር ዓይነት መሆን የለበትም፤ እኔ በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የማስረው። ከለጠፍክ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅጂውንና አድራሻህን ለከተማው ታሳውቃለህ። ለዝግጅት የሚሆን ከሆነ ዝግጅቱ ካለፈ በ30 ቀን ውስጥ ታነሳዋለህ፤ ዝግጅት ከሌለውም ከ180 ቀን አይበልጥም።

ቨርጂኒያ ስትሻገሩ ግን ያንኑ ልማድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ፌርፋክስ ውስጥ አብዛኛውን መንገድ የያዘው ካውንቲው ሳይሆን ስቴቱ ነው፤ የመሐል ሣሩም የስቴቱ ነው። በመንገዱ ክልል ላይ ምልክት ያቆመ ለእያንዳንዱ ምልክት 100 ዶላር ይቀጣል። ባለፈው የፋሲካ ባዛር ሃያ ምልክት አቁመን ነበር። ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት። እኛን አንድ ሽማግሌ ቀድመው ነግረውን በሌሊት ነቀልናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይለያል። ሲልቨር ስፕሪንግ ጭራሽ ከተማ አይደለችም! ይሄን የሰማሁት አሥር ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤት የላትም። ሁሉም ነገር ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። የታፔላም የግንባታም ፈቃድ ዊተን ካለው የካውንቲው የፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው የሚወጣው። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ ግን የራሷ ከተማ ናት፤ ሮክቪልና ጌተርስበርግም እንዲሁ። አንድ መንገድ ተሻግሮ ደንቡ ይቀየራል።

መልካሙ ነገር፣ ለካውንቲው ነዋሪ የሚሰጠው አገልግሎት ሰፊ ነው። እዚሁ መሐል ከተማ በ2024 አዲስ መዋኛና የስፖርት ማዕከል ተከፍቷል፤ ከላዩ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እናቴ ከአሥመራ መንገድ ጓደኞቿ ጋር ጠዋት ጠዋት ውኃ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፣ ጉልበቷ ተሻላት። የካውንቲው ወረቀቶች በአማርኛም ይወጣሉ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችሁ አስተርጓሚ ጠይቁላቸው እንጂ ልጅ ይዘው እንዲሄዱ አታድርጉ።

ሠላሳ ዓመት በታክሲ፦

ስለ ቋንቋው ልጨምር። ዲሲ ውስጥ ይሄ በሕግ የተጻፈ ነው። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛ ከስድስቱ ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ካላቀረበ አቤት የሚባልበት ቢሮም አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ቢሆን የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይገዛል። «አማርኛ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ብትናገሩ ብዙ ጊዜ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። እኔ ስንቱን ዘመዴን በዚህ ረድቻለሁ።

የአራት ልጆች እናት፦

እህቴ ቡናዬ፣ ሁሉም ስለ ታፔላው ተረባረበ፤ የልጆቹን ነገር ግን ማንም አልመለሰልሽም። ልጆችሽ ፎጣ ይዘው መመለሳቸው ሆዴን በላው።

ፌርፋክስ ውስጥ የፓርክ ባለሥልጣኑ የሚያስተዳድራቸው ዘጠኝ ሪክ ሴንተሮች፣ ማለትም የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከላት አሉ። ላንቺ የሚቀርብሽ አናንዴል፣ ዌክፊልድ ፓርክ ውስጥ ያለው ኦድሪ ሙር ነው። መዋኛው 50 ሜትር ነው። እዚያ አንቺ ነዋሪ ነሽ፤ የነዋሪ ዋጋ ነው የምትከፍይው። ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመሽ ያዢ፤ የቅዳሜ ጠዋት የጀማሪ ክፍል ቶሎ ነው የሚሞላው። እኔ ሁለቱን ጊዜ ከእኩለ ቀን በኋላ ገብቼ አጥቻለሁ፤ አሁን ቀኑን ስልኬ ላይ አስሬ በተከፈተ ሰዓት እገባለሁ። ገንዘቡ ከከበደሽ ስለ ክፍያ ድጋፍ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ቤይሊስ ውስጥ ራሱ የካውንቲው የማኅበረሰብ ማዕከል አለ፤ ከሱቅሽ በእግር የሚኬድ ነው። ሱቅ ውለሽ ልጆቹ ከትምህርት ቤት በኋላ የሚውሉበት ካሳሰበሽ ሂጂና አነጋግሪያቸው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ኖቫ ፓርክስ የሚባለው በ1959 የተቋቋመ የጋራ ድርጅት ነው። አባላቱ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስና ላውደን ካውንቲዎች፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርችና ፌርፋክስ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ከስድስቱ በየትኛውም ብትኖሪ የእነሱ መናፈሻዎች ያንቺም ናቸው። ካሜረን ረን ያለው የማዕበል መዋኛ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ነው፤ ግን የኖቫ ፓርክስ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሙቀቱ ወራት ልጆችሽን እዚያ ውሰጃቸው፣ ያቺን ቅዳሜ ይረሱታል።

ለማኅበርና ለልደት ቦታ ስትከራዩ ደግሞ ወረቀቱን አንብቡ። እኛ ባለፈው ዓመት የማርያም ማኅበር ላይ አንድ የካውንቲ አዳራሽ ተከራይተን፣ ረከቦቱን ዘርግተን ዕጣን አጨስን። ገና ቡናው ሳይፈላ የጭስ ማንቂያው ጮኸ። ሰው ሁሉ በነጠላ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ፤ እሳት አደጋ መጣ። ማስያዣችንን አልመለሱልንም፤ ወረቀቱ ላይ እሳትና ጭስ ክልክል ነው ይላል፣ ያላነበብነው እኛ ነን። አሁን ቡና ያለበት ዝግጅት ከሆነ ከቤት ውጪ ያለ መጠለያ እንይዛለን፤ ከሰል ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድመን እንጠይቃለን።

ዝም ብለሽ ስቀይ፦

የአሌክሳንድሪያው መዋኛ ላንቺ ከቀረበሽ አንድ ከተማው ውስጥ፣ ሳውዘርን ታወርስ አፓርታማ የሚኖር ዘመድ አድራሻ ብትሰጪያቸው አያልቅም? ግማሹ ሐበሻ እዚያ ነው።

ቡናዬ፦

ወንድሜ፣ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ይሄን ግን አላደርገውም። ሳውዘርን ታወርስ ያሉት እናቶች ለዚያ መዋኛ ታክስ ይከፍላሉ፤ ለልጆቻቸውም ቦታ ይጠብቃሉ። የእኔ ልጆች በውሸት አድራሻ ሲገቡ የሚወጣው ከእነሱ ሰልፍ ነው። እኔም በዚህ ስድስት ዓመት ውስጥ ለፌርፋክስ የከፈልኩት አለ፤ ሄጄ እሱን እጠይቃለሁ።

የሰፈር ቡድን አምበል፦

በአንድ ቃል ልጨምር፤ የእግር ኳስ ሜዳ የምትፈልጉ ቡድኖችም ያው ነው። ፌርፋክስ ሜዳውን ሲመድብ የተጫዋቾችን ስም ዝርዝር ከነአድራሻው ይጠይቃል። ከስማችሁ ጎን «አሌክሳንድሪያ» ስላለ ብቻ የካውንቲ ነዋሪ አይደለም ብላችሁ አትቁጠሩት፤ «አሌክሳንድሪያ» ስላለም የከተማው ነው አትበሉ። አንድ በአንድ አጣሩ። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ሣሩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ሜሪዲያን ሂልና ሮክ ክሪክ የከተማው አይደሉም፣ የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ናቸው፤ ፈቃዱም ከእነሱ ነው። እኛ ለጁላይ 4 ሳምንት ውድድር ልምምድ ስንፈልግ የከተማውን ቢሮ ሦስት ሳምንት ጠብቀን በመጨረሻ «ይሄ የኛ ሜዳ አይደለም» ተባልን።

ቡናዬ፦

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የረዳችሁኝን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አከራዩ ስዕሉን ፈረመ። ካውንቲው አንድ ጊዜ መለሰብኝ፤ የግንባሩን ስፋት ከጎረቤቴ ምሰሶ ጋር ደርቤ ለክቼው ነበር፣ ታፔላ ሠሪ እንዳለው። አከራዩ ፕላኑን ሰጠኝና አስተካክዬ አስገባሁ፤ ፈቃዱ ወጣ። የቡና መቁላቱን ነገር በግልጽ አስጽፌው ስለነበር ጤና ቢሮው ስለ ጭሱ ጠየቀኝ፤ ከምጣዱ በላይ የሚገጠመውን ነገር ከመክፈቴ በፊት ጨረስኩ። ከተከፈተ በኋላ ቢሆን ኖሮ ቤቱን መዝጋት ነበረብኝ።

ፊደሎቹ ትናንት ተሰቀሉ። የኤሌክትሪኩ ኢንስፔክተር ጠዋት መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ የመብራቱን ሣጥን ከፈተ፣ ምልክቱን አየ፣ ሽቦውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ወርዶ ወረቀቱ ላይ ፈረመና ወደ ላይ እያየ «ምን ማለት ነው?» አለኝ። የእናቴ ስም ነው አልኩት። ማብሪያውን እንድጫን ነገረኝ። ቀን ስለነበረ ብዙም አይታይም፤ እኔ ግን አየሁት።

ልጆቹ ኦድሪ ሙር ተመዝግበዋል፣ በነዋሪ ዋጋ። የጀማሪ ክፍሉ የፊታችን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትንሹ ፎጣውን ከሐሙስ ጀምሮ በሩ ላይ ሰቅሎታል።